«ዞር ይላል» ብለሽ የጻፍሽው

ለጥሩወርቅ፣ ለእኔ ለጥሩዬ፤

እንዴት ሰነበትሽ እንዳልልሽ፣ ካለሽበት መልስ የሚያመላልስ ፖስታ ቤት የለም። እኔ ግን ደኅና ነኝ። ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ እንዴት ነህ ላለኝ ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ስል ኖሬያለሁ፤ ደኅና ነኝ ብዬ ከልቤ ስናገር ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ምክንያቱን እነግርሻለሁ፤ በቅደም ተከተሉ ግን። ታውቂኛለሽ፣ ጎማ ሳላወልቅ ቀዳዳ አልፈልግም።

ይዤልሽ የመጣሁት ወሬ ይህ ነው፦ ያ የመጨረሻ ገጾቹ የጠፉት ልብወለድሽ እንዴት እንዳለቀ አውቄያለሁ። ሳታውቂው መሄድሽ ሰሞኑን ሲያንገበግበኝ ስለከረመ፣ ሌላ ሰው ሳይነግርሽ እኔ ልንገርሽ ብዬ ነው። ክርክራችንንም አሸንፈሻል። እኔም አሸንፌያለሁ። ሁለት ሰው በአንድ ክርክር እንዴት ያሸንፋል እንዳትይኝ፣ ስደርስበት ይገባሻል።

ቤቱ እንዳለ ነው። የተከልሽው አቮካዶ ዘንድሮ አፈራ፤ ጦጣዎቹ ግን ከእኔ ቀድመው እየቀመሱ ግማሹን ነክሰው ይጥሉልኛል። በአልጋሽ በኩል የሚያፈሰውን ጣራ ደፍኛለሁ። «ነገ፣ ነገ» እያልኩ ሦስት ክረምት ያሳለፍኩትን ማለቴ ነው፤ ስቀሽብኝ እለፊ። ሱቄ ያው ፒያሳ፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን ናት። አዋሳ ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት አይጠፋባትም፣ ብስክሌት ባለበት ደግሞ እሾህ አይጠፋም፤ ስለዚህ ሥራ አላጣሁም። የኅብረት ሱቁ ስኳር አምጥቶ ሰልፍ ስንቆም ሴቶቹ አሁንም የአንቺን ቀልድ ያነሳሉ። እኔ እሰማለሁ እንጂ ስምሽን አፌ ላይ ማምጣት አልችልም ነበር። «ባለቤቴ» እላለሁ፣ «እሷ» እላለሁ።

መሠረተ ትምህርት የገባንበትን ጊዜ ታስታውሻለሽ? ከሥራ በኋላ የቀበሌው አዳራሽ፣ የልጃችን እኩያ የሆነው ዘማች አስተማሪያችን፣ ለሕፃናት የተሠራው ጠባብ አግዳሚ ወንበር። አንቺ ከፊት ተቀምጠሽ እጅሽን ታወጫለሽ፣ እኔ ከኋላ እንቅልፌን እታገላለሁ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም፣ ግርማ» እያልሽ ስትቀልጂብኝ ክፍሉ በሙሉ ይስቅ ነበር። የምስክር ወረቀታችንን በአንድ ቀን ተቀበልን፤ መንገዳችን ግን እዚያው ተለያየ። እኔ በተማርኩት ንባብ የጎማ ካርቶንና የስብሰባ ማስታወቂያ አነበብኩበት። አንቺ ቀጥታ ልብወለድ ውስጥ ገባሽ። ወጥ እያማሰልሽ በግራ እጅሽ መጽሐፍ ትይዣለሽ፣ አንዳንዴም ለማይታወቅ ሰው ታለቅሻለሽ። እኔም «ይሄ የሥራ ፈት ወግ ነው፤ ላልተወለደ ሰው ምን ያስለቅሳል?» እልሽ ነበር። ይቅር በይኝ። የምናገረውን አላውቅም ነበር።

ሰናይታችን ከዩኒቨርሲቲ በሰው እጅ የላከችልሽን ያን አሮጌ መጽሐፍ ሽፋኑን በካላንደር ወረቀት ለበጥሽው፤ ከታመምሽ በኋላም ከትራስሽ ሥር አልለየሽውም። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እኔ አልጋሽ አጠገብ የተጣመመ የብስክሌት ቸርኬ ሳቃና፣ ድንገት ጠየቅሽኝ። ወፍጮ እየጮኸ፣ ልጅ ከበር ሆና አባቷን ብትጠራው ይሰማል ወይ አልሽኝ። ቀና እንኳ ሳልል «አይሰማም» አልኩሽ፤ ወፍጮ ሲሠራ መድፍ ቢተኮስም አይሰማም። አንቺ ይሰማል አልሽ። ስለ ሞተር ድምፅ ዝርዝር ማስረዳት ጀመርኩ፣ አንቺም እስኪያስልሽ ድረስ ሳቅሽብኝ። የማን ልጅ ናት ብዬ አልጠየቅኩሽም። እንደዚያ ከሳቅሽ በኋላ ብዙ አልቆየሽም።

አሁን የሚከብደውን ልንገርሽ። አንቺን ቀብረን የተመለስን ዕለት የእድሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠው መከሩ። ልጅቱ ፈተና ላይ ናት፣ መርዶ በፈተና መሐል አይነገርም፤ ጨርሳ ስትመጣ ከአውቶቡስ ተቀብለን ዘመድ ቤት አሳድረን፣ ጎሕ ሲቀድ እናረዳታለን አሉ። ወጉ ነው፤ እኔም እሺ አልኩ። እስከ ዛሬ ድረስ ባሰብኩት ቁጥር በእነሱ አልፈርድም። በእኔ ነው የምፈርደው። ምክንያቱም ሰናይት በመሐሉ «እማዬ እንዴት ናት?» የሚል ደብዳቤ ስትጽፍ መልሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቀድሞ ደብዳቤ የምትጽፊላት አንቺ ነበርሽ። እኔ በሕይወቴ የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍኩት ያን ጊዜ ነው፣ ከሞትሽ በአሥራ አንደኛው ቀን። «እናትሽ ደኅና ናት፣ ትንሽ ጉንፋን ስለያዛት ነው ያልጻፈችልሽ፣ ሰላም ብላሻለች» አልኩ። ፊደሌ እንዲያምር ሁለቴ ገልብጬዋለሁ።

ሰናይት ከተባለው ቀን አንድ ቀን ቀድማ መጣች። የሚቀበላት ሰው አልነበረም። በጋዜጣ የተጠቀለለ ዕቃ አቅፋ፣ እየሣቀች በሱቄ በር ብቅ አለች፤ እኔ ጥቁር ለብሼ ጭንቅላቴን ተላጭቼ ተቀምጫለሁ። ማንም አላረዳትም፤ እኔን አይታ ተረዳች። እሪ አላለችም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ያን ደብዳቤ ስትጽፍልኝ እማዬ የት ነበረች?» አርባሽን አውጥታ፣ ያን ያልተፈታ ጥቅሏን እንደያዘች ሄደች። በኋላ ለመምህርነት ነገሌ መመደቧን ከሰው ሰማሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር አልጻፈችልኝም። የሌላ ሰው ልጅ አልነበረችም፣ ጥሩዬ፣ አንድዬ ልጃችን ነበረች፤ በሕይወት እያለች አጣኋት።

መጽሐፉን ያገኘሁት ባለፈው ክረምት ነው። ዝናቡ መንገዱን ጭቃ ሲያደርገው ሥራ ቀዘቀዘብኝ፣ ፍራሽሽን ላናፍስ ብዬ ሳነሳ ወደቀ። የጀርባውን ሽፋን ብገልጠው በእርሳስ፣ በዚያ በትልልቁ ፊደልሽ፣ ሁለት ቃል ተጽፏል፦ «ዞር ይላል።» ሌላ ምንም የለም። ማነው የሚዞረው? ለምን ይዞራል? ይህን ለማወቅ ብቻ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ።

ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነው የማነበው። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ገጽ፣ በማግሥቱ ሦስት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል? በሳምንቱ ተነጠቅኩ፣ ጥሩዬ። ሻይዬ ይቀዘቅዛል፣ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል፣ እኔ የለሁም። ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ልጅ የሆነችው ያቺ ፋናዬ የት ገባች እያልኩ ምሳዬን እረሳለሁ። ያቺ ነገረኛ አክስቷ ደግሞ! ዶሮ ሰርቃ ጎረቤት ላይ ስታላክክ ብቻዬን ሱቅ ውስጥ እንዲህ ስቄ አላውቅም፤ የዳቦ ቤቱ ሰዎች ምን ሆነ ብለው ብቅ አሉ። ገጾቹን እይልኝ ብልሽ ታዝኛለሽ፣ በየኅዳጉ የግራሶ ጣት አለ።

ዓሣ ነጋዴውን ዳንጊሶን ታስታውሽዋለሽ፤ ሐይቁ ዳር ካለው ከአሞራ ገደል ዓሣውን ብስክሌቱ ላይ ጭኖ በየማለዳው በሱቄ የሚያልፈው። አንድ ጠዋት ፍሬኑን ላስተካክልለት ይዤ አንድ ገጽ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። በማግሥቱ ፍሬኑ ምንም ሳይሆን መጣ። «ዛሬስ ልጅቷ ምን ሆነች?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ፋናዬ የሁለታችን ሆነች። ያልገባው የአማርኛ ቃል ሲኖር ያስቆመኛል፣ እኔም ሳስረዳው ነው ለካ እኔም አልገባኝም ነበር የምለው። ዓሣው ፀሐይ እየመታው እንኳ ምዕራፉ ሳያልቅ አይነሳም።

ታሪኩን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ግን እንዴት እንደያዘኝ ልንገርሽ። የፋናዬ ታናሽ ወንድም ወንዝ ይወስደዋል፣ ጠብቂው የተባለችው እሷ ነበረች። ማንም አይቆጣትም። ማንም ምንም አይላትም። ልብሱን ሳጥን ውስጥ ይቆልፉበታል፣ ስሙም ከዚያ ቤት ይጠፋል። ልጅቷ በዚያ ዝምታ ውስጥ ታድጋለች፣ ጥፋተኛ መሆኗን ማንም ሳይነግራት እያወቀች። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት ጥላቸው ትሄዳለች፣ ነርስ ትሆናለች፣ የሰው ቁስል ስታጥብ የራሷን ታገኘዋለች። አባትየው በየቅዳሜው ለማንም ሳይናገር ወንዙ ዳር እየሄደ እንደሚቀመጥ የምታውቅበት ምዕራፍ ላይ ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ። ዳንጊሶ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ላልተወለደ ሰው አለቀስኩ፣ ጥሩዬ፤ እንዳንቺው። ያ ሰው እኮ ልጁን የጎዳት ክፉ ሆኖ አይደለም። ልጠብቃት ብሎ ነው ዝም ያለው። እኔም ራሴን እዚያ ወፍጮ ቤት ውስጥ አገኘሁት፣ ዱቄት ለብሼ።

ከዚያ መጨረሻው ደረሰ፤ የሌለው መጨረሻ። ፋናዬ ከዓመታት በኋላ አገሯ ገብታ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። አባቷ ጀርባውን ሰጥቷታል፣ ወፍጮው ይጮኻል። «አባዬ» ብላ ተጣራች፤ ገጹ እዚያ ላይ አለቀ፣ የቀሩት ቅጠሎች ተገንጥለዋል። ያን እሑድ የጠየቅሽኝ ጥያቄ የገባኝ ያኔ ነው። ሁለቱ ቃልሽም የገቡኝ ያኔ ነው። ዳንጊሶ ከእኔ ብሶ ተናደደ፣ ዓሣ ገዝቶ ቅርጫቱ ባዶ እንደተገኘበት ሰው። አባቷ ሰማ ወይስ አልሰማም እያለ ሦስት ቀን አስጨነቀኝ። በአራተኛው ቀን ብስክሌቱን አስደግፎ፣ «መጽሐፉን የላከችው ልጅህ አይደለችም? እሷ ታውቃለች። ጻፍላት» አለኝ። አትመልስልኝም አልኩት። እሱም «ስለ አንተ ላትመልስ ትችላለች፤ ስለ ፋናዬ ግን ትመልሳለች» አለኝ።

ስንት ወረቀት እንዳበላሸሁ አትጠይቂኝ። በመጨረሻ የላክሁት ይህን ነው፦ «ልጄ ሰናይት፣ የእናትሽን መጽሐፍ አነበብኩ። ፋናዬ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆማ ቀርታብኛለች። አባቷ ዞረ ወይስ አልዞረም? የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ውሸት ነበር። ይህ ሁለተኛው ነው፣ ውሸት የለበትም። አባትሽ።»

አንድ ወር ከምናምን ጠበቅኩ። ፖስታ ቤት በሄድኩ ቁጥር ሠራተኛዋ ገና ከሩቅ ራሷን ትነቀንቅልኝ ጀመር። ከዚያ አንድ ቀን አልነቀነቀችም። ደብዳቤው ሁለት መስመር ነው፤ «በወረቀት አልነግርህም። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ይዤው እመጣለሁ፣ ቅዳሜ ወይ እሑድ» ይላል። ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም።

ልጅ ሆና ከውዳቂ ብረት የሠራሁላትን ቀይ ብስክሌት አወጣሁ። ዝገቱን ፈትጌ፣ ቀለም ቀብቼ፣ አዲስ ጎማ አለበስኩት። ደወሉን ብቻ አልነካሁትም። የተሰነጠቀው ደወል እንደ ድሮው እየተንቋቋ ይጮኻል፤ አንቺ ከጓሮ ሆነሽ «መጣች» የምትይው በዚያ ድምፅ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ያን ብስክሌት እየገፋሁ አውቶቡስ ተራ ሄድኩ። የመጣውን አውቶቡስ ሁሉ እስከ መጨረሻው ተሳፋሪ አየሁ። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ፣ የለችም። ሐሳቧን ቀየረች አልኩ። አንገቴን ደፍቼ ወደ ፒያሳ ተመለስኩ።

ለካስ በጭነት መኪና ገብታ ጠዋቱኑ ደርሳለች። ዳንጊሶ በርጩማ ሰጥቶ ሱቄ በር ላይ አስቀምጧታል። ከመንገዱ ማዶ አየኋት። ጀርባዋን ሰጥታኛለች፤ ትከሻዋ፣ ሹሩባዋ፣ አቀማመጧ ሁሉ አንቺን ነው። የስብሰባ ጥሪ የምታሰማው የቀበሌው መኪና በዚያው ቅጽበት ድምፅ ማጉያዋን ከፍታ መጣች፣ መንገዱ በሰልፍ ዘፈን ተናወጠ። «ሰናይት» ብዬ ተጣራሁ፤ የራሴን ድምፅ ራሴ አልሰማሁትም። እንደገና ልጣራ ብል ጭራሽ አልወጣልኝ አለ። ያን ጊዜ እጄ በራሱ የብስክሌቱን ደወል መታ። ያ የተሰነጠቀ ድምፅ ዘፈኑን ሰንጥቆ አለፈ።

ዞር አለች፣ ጥሩዬ።

መንገዱን እንዴት እንደተሻገርኩት አላስታውስም። ብስክሌቱን መሐል መንገድ ጥዬው ኖሮ ያነሳው ዳንጊሶ ነው። ደረቴ ላይ ሆና በመጀመሪያ የተናገረችው «ደወሉን አልቀየርከውም» የሚል ነው።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አንቺ ካለሽበት ተነስተን ሐይቅ ዳር ወረድን። ሾላው ሥር ተቀመጥንና ያን የጋዜጣ ጥቅል ከቦርሳዋ አወጣችው፤ ከሁለት ዓመት በፊት እየሣቀች ይዛው የመጣችውን። ሲፈታ ያው መጽሐፍ ነው፣ ሙሉው። «መጨረሻው ጎድሏል፣ ፈልጊልኝ» ብለሽ ጽፈሽላት ኖሯል፤ አዲስ አበባን አስሳ አግኝታልሽ ነበር። እሷም አላነበበችውም። ብቻዬን ልከፍተው አልቻልኩም አለችኝ። ተራ በተራ አነበብን፣ እኔ አንድ አንቀጽ፣ እሷ አንድ አንቀጽ። ስንተባተብ አላረመችኝም።

እንግዲህ ስሚ። ፋናዬ ሦስት ጊዜ ትጣራለች። አባትየው አይሰማም! ብዬሽ አልነበር? ወፍጮ እኮ ነው። ልጅቷ ግን ተስፋ ቆርጣ አትመለስም። ገብታ ሞተሩን ታጠፋዋለች። ጸጥ ይላል። አባትየውም ወፍጮውን የሚያዞረው ቺንጋ የተበጠሰ መስሎት እየተራገመ ዞር ይላል። ዞረ፣ ጥሩዬ! አንቺም እኔም እውነት ነበርን። ሰናይትና እኔ እየሳቅን ሳለ ቀጣዩ መስመር መጣ፤ ልጅቷ ለአባቷ የምትለው የመጀመሪያ ቃል የሟች ወንድሟን ስም ነው። ሳቃችን እዚያው ላይ እንባ ሆነ። ሰናይት መጽሐፉን አጠፈችና «አሁን ሁሉንም ንገረኝ» አለችኝ።

መርዶዋን ያን ዕለት አረዳኋት፤ በሁለት ዓመቱ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያለ ሽማግሌ። ምን እንደበላሽ፣ ማን እጅሽን እንደያዘ፣ ጠዋት እንደነበር፣ ወፎቹ ይንጫጩ እንደነበር። አንቺም የማታውቂውን አንድ ነገር ነገርኳት፤ ላንቺም መናዘዝ አለብኝ። ዓይንሽን ከመክደንሽ በፊት «ሰናይት መጣች?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔም መንገድ ላይ ናት አልኩሽ። መንገድ ላይ አልነበረችም። አልጠራኋትም ነበር፤ ትድኛለሽ ብዬ፣ ፈተናዋን ላላበላሽ ብዬ። ይህን ስነግራት ትጠላኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ግራሶ የማይለቀውን እጄን አንስታ ጉልበቷ ላይ አኖረችው፣ እስክንነሳም አልለቀቀችውም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ጠራልኝ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከእኔ ጋር ቆየች። ዳንጊሶ መጨረሻው ሲነበብለት ተነስቶ አጨበጨበ፣ ትልቁን ዓሣም ሰጠን። ከመሄዷ በፊት የጎደሉትን ገጾች በእጄ ገልብጬ በማስቲሽ ያንቺ መጽሐፍ ላይ ለጥፌያቸዋለሁ፤ መጠገን ከሆነ አልታማም። አሁን መጽሐፍሽ ሙሉ ነው። ፊደሌ ጎርበጥ ይላል፣ ግን ይነበባል። ሰናይት በየሳምንቱ ትጽፍልኛለች፣ ለዝውውርም አመልክታለች። እኔም ሌላ ልብወለድ ጀምሬያለሁ፤ ሥራ ፈት ሆኛለሁ ማለት ነው።

ቃሌ ይህ ነው። በየሙት ዓመትሽ ያን መጽሐፍ ሾላው ሥር ጮክ ብለን እናነበዋለን። ስምሽም ከእንግዲህ በዚህ ቤት አይደበቅም፤ ሱቅም ላይ፣ ሰልፍም ላይ ጥሩወርቅ እያልኩ አነሳሻለሁ፣ ወፍጮ ቢጮህም እጠራሻለሁ። ያን ጠዋት ለጠየቅሽኝም ጥያቄ፣ ዘግይቼም ቢሆን፣ እውነተኛውን መልስ ይዤልሻለሁ።

ሰናይት መጥታለች።

ያንቺው ጎማ ጠጋኝ፣
ግርማ